የክፉ ወሬ ስልክ

ሐጂ ኡዘይርን አልወደውም። ከሞተ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ አሁንም አልወደውም። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም የሚል ካለ ይተወኝ። እኔን የሚያስቸግረኝ ክፉ ክፉውን ማውራቱ ሳይሆን ደግ ደጉን ማውራቱ ነው፤ ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀራል። ስለዚህ ከክፉው ልጀምር።

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ አያቱም አባቱም የነገዱባት ጠባብ የጨርቅ ሱቅ ነበረችው። አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ ሽርጥ ይሸጣል። የሱቋ ጌታ ግን ጨርቁ አልነበረም፤ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ጥቁር የመስመር ስልክ ነበር። ደርግ ሳይወድቅ የገባ ነው ይላሉ። በየጠዋቱ በነጭ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ሌላ ሰው እንዳይነካውም እጁን ከእጀታው አያርቅም። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ድምፁ ገበያ የሚበትን ሰው ነበር። ጂዳ ሩቅ ስለሆነች ካልጮኸ የሚሰማ አይመስለውም። ስለዚህ የማን ልጅ ምን እንዳለች ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ያን ጊዜ ልጇ ዓረብ አገር የሄደችባት እናት ሁሉ፣ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ የኡዘይርን ቁጥር ታውቅ ነበር። ልጅቱ ከጂዳ ትደውልና «እናቴን ለእሁድ አራት ሰዓት» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ወደ ቆላ ድባ በሚወርድ የእህል ማኪና፣ ወደ እንፍራንዝ በሚሄድ ነጋዴ መልእክቱን ይልካል። አንድም ቀን ስም ጽፎ አያውቅም፤ አንድም ቀን ስም ስቶ አያውቅም። እሁድ ጠዋት እናቶቹ ከየገጠሩ መጥተው በሱቁ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ አይገባም፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስነው ኡዘይር ነው።

ያን አግዳሚ ወንበር እኔም አውቀዋለሁ። እህቴ እናኑ በ1994 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ጂዳ ስትሄድ፣ እኔ ጎንደር ቤት ተከራይቼ የምማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እናቴ ታየች ከቆላ ድባ በመጣች ቁጥር አብሬያት እቀመጣለሁ። ተራችን ሲደርስ ኡዘይር እጀታውን ለእናቴ አይሰጣትም። መጀመሪያ ራሱ ያወራል፤ «ደህና ነሽ? ሴትየዋ ታበላሻለች? ራስ ምታቱ ተሻለሽ?» እያለ ይጠይቅና መልሱን ለተቀመጠው ሁሉ ያውጃል። እናቴ ስታወራም ከአጠገቧ አይነቃነቅም።

«አታልቅሽ ታየች። ካለቀስሽ ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ሥራዋን አትሠራም» ይላታል።

«እሺ አያ ኡዘይር» ትላለች እንባዋን እየዋጠች።

«ስለ በሬው እንዳትነግሪያት። በሬ ሞተ ብትያት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አታገኝም። ሸጋ ሸጋውን ብቻ ንገሪያት።»

እናቴም ሸጋ ሸጋውን ብቻ ትነግራታለች። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጥርሴን አፋጫለሁ። የገዛ እናቴ ለገዛ እህቴ የምትለውን አንድ ጨርቅ ሻጭ እንደ ሸማ እየለካ ይሰጣታል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ እናቴ በዚህ መደሰቷ ነበር። «አያ ኡዘይር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» እያለች ነው ወደ ቆላ ድባ የምትመለሰው።

አባቴ ዳኛው በ1998 ዓ.ም. በሰኔ ሞተ። እናኑ በሚቀጥለው እሁድ ስትደውል ኡዘይር ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «አባትሽ እርሻ ላይ ነው፤ ሰኔ መሆኑን ረሳሽው እንዴ?» አላት። መስከረም ላይ ለዘመድ ሠርግ እንፍራንዝ ላከው። ከዚያ ጠበል አስገባው። ሙስሊሙ ሰውዬ አባቴን ለወራት ጠበል ላይ አስቀመጠው፤ የኛ ቄስ እንኳ ያን ያህል አያቆይም። አንድ እሁድ እጀታው በእኔ እጅ ሳለ እናኑ «አንዱዓለም፣ አንተ አትዋሸኝም። አባዬ አለ?» አለችኝ። ኡዘይር ትከሻዬን ጨመቀው።

«አለ» አልኋት።

ያን ጣቱን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አውቀዋለሁ። ስንወጣ ምነው እንዲህ ያስዋሹኛል ብዬ ብጠይቀው፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም» አለኝ። «ሰው መርዶ የሚሰማው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ዘመድ አጠገቧ ቆሞ ነው። እዚያ ማን ይይዛታል? የምታጥበው ሳህን?» እስከ መጋቢት ጠብቆ፣ ጂዳ ያሉ የጎንደር ሴቶችን አንድ በአንድ አፈላልጎ፣ አንድ የዕረፍት ቀን አንድ ቤት እንዲሰበሰቡ አደረገ። እናኑ የአባቷን ሞት እዚያ ሰማች። አሥር ሴቶች ይዘዋት አለቀሰች። በኋላ «ሐጂን አመስግንልኝ፤ በወግ ነው የተነገረኝ» አለችኝ። አላመሰገንሁትም። ዘጠኝ ወር የሞተ ሰው አለ ብዬ የዋሸሁት እኔ፣ ምስጋናው የሱ።

ከዚያ ሞባይሉ መጣ። መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ ቆላ ድባ፣ ቀጥሎ እርሻ መሀል። አግዳሚው ወንበር እሁድ እሁድ ባዶውን ቀረ፤ እኔም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ባዶነቱን አይቼ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩ ግን አልሞተም። ጂዳ ያሉት ልጆች ለደጉ ወሬ በየሞባይሉ ይደውላሉ፤ ሰው ሲሞት ግን ለማንም ሳይነግሩ መጀመሪያ ለኡዘይር ነው። እሱ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ሽማግሌውን ያውቃል፣ የቱ እናት የልብ ሕመም እንዳለባት ያውቃል። ይቀበላል፣ አንድ ሁለት ቀን ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሰው አሰባስቦ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። ቀስ በቀስ የክፉ ወሬ ስልክ ሆነ። ኡዘይር ምርኩዙን ይዞ በጠዋት ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ያየ ሰው መንገድ ይሻገራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኡዘይርም ያን ጥቁር ስልክ አልለቀቀም።

እኔ በ2003 ዓ.ም. ከሱ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ ርቄ የሞባይል ሱቅ ከፈትሁ። መጀመሪያ ተራ ስልክና ቻርጀር፣ በኋላ በጣት የሚነካው መጣ። ኢሞ ሲመጣማ ሱቄ ሠርግ ቤት ሆነ። ገጠሬው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ እጭንለታለሁ፤ ልጁን ፊት ለፊት ያያታል፤ ያለቅሳል፤ ይመርቀኛል። ለሚሰማ ሁሉ «የመስመር ስልክ ሞቷል፤ ቀባሪ ነው ያጣው» እል ነበር። ሲስቁልኝ ሞቅ ይለኝና እጨምራለሁ፤ «ቀባሪውማ ሐጂ ኡዘይር ነው፣ ልምድ አለው» እላለሁ። ይህ ሁሉ እንደሚደርሰው አውቃለሁ። እንዲደርሰው ነበር የምናገረው።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ለእናቴ ያን ስልክ ገዛሁላት። ማንበብ አትችልም፤ አረንጓዴውን መንካት ግን በአንድ ቀን ለመደች። እናኑ ስትደውል ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፋ ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እናኑም ጂዳ ሆና ጥጆቹን በየስማቸው ትጠራለች። እናቴ ደስተኛ ነበረች። ይህን ማንም አይወስድብኝም፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያለ አስተርጓሚ ልጇን አየች።

ወሬው ኡዘይር ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ልጁ ፈህሚያ ክንዱን ይዛው ሱቄ ድረስ መጣ። ጉልበቱ ያን ጊዜም ያመው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ለእናትህ መስኮት ሰጠሃት አሉ» አለኝ።

«ስልክ ነው የሰጠኋት ሐጂ።»

«ክፉ ወሬ በር አንኳኩቶ፣ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ይሄ በር የለውም። እናትህ ብቻዋን ናት። ውሰድባት ያን ስልክ።»

«ልጇን አታይ ነው የሚሉኝ?»

«ልጇን ትይ። ስታይ ግን አንተ አጠገቧ ሁን» አለና ምርኩዙን መሬት ላይ መትቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ባገኘኝ ቁጥር፣ በገበያም ይሁን በለቅሶ ቤት፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚለኝ ያው ነው፤ «ያን ስልክ ከእናትህ ወሰድህ?» አንዳንዴም ደውሎ ይጠይቀኛል። በመጨረሻ የሱን ቁጥር ሳይ ብዙ አስጠርቼ አነሳ ጀመር።

በ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ያ ቁጥር ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ ወደ ሱቅ ና።»

«ሥራ ላይ ነኝ ሐጂ።»

«ሥራውን ተወውና ና። ደግሞ ያን ስልክ ዛሬውኑ ከእናትህ ላይ ውሰድ።»

ይኸው፣ ያው ነገር። ደሜ ፈላ። «ሐጂ፣ በእናቴ ስልክ አንቱ አያዙም። የራስዎን ይወልውሉ» አልሁና ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። ሦስተኛም ደወለ።

አሁን ሰው ይጠይቀኝ ይሆናል፤ ያ ስልክ የክፉ ወሬ ስልክ መሆኑን አታውቅም ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ጠርጥሬም ነበር። ግን እናኑ ዓርብ ዕለት በኢሞ ስትስቅ አይቻታለሁ። የሚፈልገኝ ለጠብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እሱ ደግሞ ለሟች ወንድምም ቢሆን ሞትን በስልክ አይናገርም፤ ቢገድሉትም አይናገርም። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ እሮጥ ነበር። ስለዚህም እጠላዋለሁ።

ማክሰኞ ራሱ መጣ። ሱቄ በገጠር ሰው ተሞልቷል፤ ስድስት ሰባት ሰው ኢሞ ሊያስጭን ቆሟል። ኡዘይር ደጃፉ ላይ ምርኩዙን ተደግፎ፣ እያለከለከ ቆመ። ፈህሚያ ከኋላው ናት።

«አንዱዓለም» አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ለብቻህ ላነጋግርህ።»

እኔ ግን በሰው ፊት ሞቅ ብሎኝ ነበር። «ምነው ሐጂ፣ የመስመር ስልክዎን ሊያስጠግኑ ነው?» አልሁት። «እሱን እንኳ እኔ አልጠግነውም፤ ለቅርስ ይስጡት።» ሰዎቹ ሳቁ።

«ለብቻህ» አለ እንደገና።

«እዚሁ ይናገሩ። እዚህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ እዚህ እንደ አንቱ ቤት የሰው ወሬ እየተመረጠ አይሰጥም» አልሁት።

ዙሪያውን አየ። ያን ሁሉ የማያውቀውን ሰው አየ። ምን ያድርግ? በማያውቁት ሰው መሀል፣ በሳቅ መሀል፣ እህትህ ሞተች ይበለኝ? ዞሮ ሄደ። ፈህሚያ ግን ሳትሄድ አንድ ጊዜ አየችኝ። እኔ ወደ ሰዎቹ ስልክ ተመለስሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው።

እናኑን ጂዳ ላይ ማኪና የገጫት ቅዳሜ ዕለት ነበር። አብራት የምትኖረው አልማዝ እሁድ ውላ ሰኞ ጠዋት ወደ ኡዘይር ደወለች። እሱም «እስከ ረቡዕ ጠዋት ይነገራታል፤ እስከዚያ ዝም በይ» አላት። ያለ እኔ ግን እናቴ ደጅ መግባት አልቻለም። አባቴ የለ፣ ወንድም የላት፣ ያለኋት እኔ ብቻ። የሚይዛት ሰው ሳይኖር አይነገርም፤ ወጉ ይህ ነው። ለሽማግሌዎቹም ከልጁ በፊት አይነገርም። ስለዚህ ወሬውን ሆዱ ውስጥ ይዞ እኔን ሲለምን ሰኞና ማክሰኞ አለፉ።

አልማዝ ደግሞ ጠበቀች። ረቡዕ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ለእናቲቱ በጠዋት ተነግሯል፣ አሁን አብሬ ላልቅስላት ብላ በኢሞ ደወለች። ማንም እንደ ወጉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው።

ጎረቤታችን እንኳየሁ በተራ ስልክ ደውሎ «ቶሎ ውረድ» ብቻ አለኝ። ቆላ ድባ ስደርስ ግቢው በጩኸት ተሞልቷል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እናቴ ግን አታለቅስም። በርጩማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፤ ያጠፋሁትም በኋላ እኔ ነኝ።

«አልማዝን አየኋት» አለችኝ። «ጥቁር ለብሳለች። እማማ እግዜር ያጥናሽ አለችኝ። እኔ፣ ማን ሞተብሽ ልጄ አልኋት። ማን ሞተብሽ ብዬ እኔ ሳጽናናት ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አፏን ከፍታ ቀረች። ወይ አትናገር፣ ወይ አትሄድ። ቆይታ ቆይታ ተመለሰችና፣ እናኑ አለች።»

ልይዛት እጄን ብዘረጋ ገፋችው። «ማን ነገረኝ?» አለችኝ። «ሽማግሌ መጣ? ቄስ መጣ? ልጄ ሞታ ማን ደጄን አንኳኳ? ይህ ዕቃ ነው የነገረኝ?» ሴቶቹ እያለቀሱ ሊያስለቅሷት ሞከሩ፤ አልሆነም። ሳታለቅስ መሸ፤ ሳታለቅስ ነጋ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ኡዘይር መጣ። ወሬው ቀድሞ መድረሱን ሰምቷል፤ መጣ ግን። ቄስ ሐብተ ማርያምንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችን ረቡዕ ማታ አሰባስቦ፣ ያን የታመመ ጉልበቱን ጎትቶ፣ ምንም እንዳልተነገረ ሁሉ በሩን አንኳኳ። ጫማውን አውልቆ ገባ። እናቴ ቀና አለች። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ነበር።

«ታየች» አለ። የዚያን ቀን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ፈጣሪ የሰጠውን ፈጣሪ ይወስዳል። ልጅሽ እናኑ ቅዳሜ ዕለት ዐርፋለች። ማኪና ገጭቷት ነው፤ አልተሠቃየችም። የአገሯ ሴቶች ከአጠገቧ አልጠፉም። ጥናቱን ይስጥሽ።»

እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። ተቀምጣ ሳለች ወደ ኋላ ወደቀች፤ ያዝኋት። ቄሱ ፍትሐቱን እስኪያነሱ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ አለቀሰች። ኡዘይር አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ እያበሰች ቀና አለችና ጠየቀችው።

«አያ ኡዘይር፣ አንተ መቼ ሰማህ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች። «ልጄ ጎንደር ነው፤ ሱቁ ሱቅህ አጠገብ ነው። አልነገርኸውም?»

ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። እኔም አየሁት። ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው አለ።

«አልፈለግሁትም» አለ። «ሐሙስ ይደርሳል ብዬ ተዘናጋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እናቴ የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። አሥራ አራት ዓመት አያ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ ሁለት ቀን የልጇን ሞት ይዞ ተኝቷል ብላ ረገመችው። «የሰው ሞት ስታቆይ ኖረህ ኖረህ ዛሬ የኔን ረሳኸው?» አለችው። በመጨረሻ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ኡዘይር ምርኩዙን ፈልጎ ተነሣ። እኔ እናቴን እንደ ያዝሁ ነበር፤ ይዤያት ዝም አልሁ።

ያመጣው ማኪና ጋ ደረስሁበት። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ አቅቶታል። እኔም አላገዝሁትም።

«ምነው ዋሹ?» አልሁት።

«አንተ ምነው ዝም አልህ?» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔን ብትጠላ አንድ ጨርቅ ሻጭ ነው የሚቀርባት። አንተን ብትጠላ ማን ይቀራታል? ባል የላት፣ ልጅቱ ሄደች።»

«አመሰግናለሁ» ልል አፌን ከፈትሁ።

«ተወው» አለኝ። «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አንተን እንደ ሆነ አልወድህም።» ማኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋው።

ይህ ነው እንግዲህ ጉሮሮዬ ላይ የሚሰነቀረው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያን ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳውም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰድበኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለሰው ቢናገር፣ እፎይ እል ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ሰላም ይለኛል። ያ ዝምታው እንደ ያኔው ጣቱ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ ለወራት ሲጠፋ ሱቄ ጭር አለ። ኢሞው ሁሉ ባዶ ክብ እየዞረ ቀረ። ያኔ አግዳሚው ወንበር እንደገና ሞላ። እኔ ሞቷል ያልሁት ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፤ ቀብሬዋለሁ ያልሁት ሰውዬም ጂዳን በጩኸት ያናግራል። ሁለት መታጠፊያ ርቄ ይሰማኛል። ኢንተርኔቱ የመስመር ስልክን ይተካዋል አይተካውም ብለው የሚከራከሩ ደንበኞች ነበሩኝ፤ ቀድሞ ከማንም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርሁ፤ ያኔ ግን ወሬ ለወጥሁ። አልማዝ በዚያው በኡዘይር ስልክ ደውላ «እማማ ታየችን ለእሁድ» አለች። ኡዘይር በእህል ማኪና ላከባት። እናቴ ግን «ያንን ሰው ፊቱን አላይም» ብላ ቀረች። የልጇን የመጨረሻ ቀን አብራት የዋለችውን፣ የምትነግራት አንዲት ቃል የቀረቻትን ልጅ ሳታናግር ቀረች። እኔ በዚያ እሁድ ቆላ ድባ ነበርሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሁድ አለፈ።

ኡዘይር ዘንድሮ፣ በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ሞተ። እናቴ ሰምታለች፤ እንኳየሁ ነገራት። ለቅሶ ከመድረስ በኛ አገር ጠላትም አይቀርም። ላመጣት ወረድሁ።

«አልሄድም» አለችኝ። «ለልጄ ሁለት ቀን ያላሰበ ሰው፣ እኔ ለሱ አንድ ጠዋት አላስብለትም። አንተም ባትሄድ ደስ ይለኛል።»

ፊቷን አየሁት። አርጅታለች፤ ያ ቂም ግን ቀጥ አድርጎ ይዟታል። ብነግራት ቂሙ ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ኡዘይርም ያውቅ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደረሰ፤ ምላሴ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ እማ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኋት።

ብቻዬን ሄድሁ። አራዳ፣ ድንኳኑ በር ላይ ፈህሚያ ቆማ ለቅሶ ደራሹን ትቀበላለች። አየችኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት አንገቷን ቀና አደረገች።

«እማማ ታየችስ አልመጣችም?» አለችኝ። «አባባ ስለ እሷ እየጠየቀ ነው የሞተው።»

«ትንሽ አሟት ነው» አልኋት።

ፈህሚያ አላመነችኝም። የምቀመጥበትን ቦታ ግን በእጇ አሳየችኝ።